የፈርንን ምስጢር የገለጠው ነጋዴ፤ ዊልሄልም ሆፍማይስተር

በወንዝ ዳርና በጥቅጥቅ ደን ውስጥ፤ ፀሐይ በማይበረታበት ስፍራ፤ ፈርን የሚባል ተክል ይበቅላል። ቅጠሉ እንደ ላባ የተከፋፈለ ነው፤ ገና ሲያቈጠቍጥ እንደ ቀንድ አውጣ ተጠቅልሎ ይወጣና ቀስ በቀስ እየተፈታ ይዘረጋል። አበባ የለውም፤ ፍሬም አያፈራም። ታዲያ በምን ይራባል? የጥንት አውሮፓውያን ለዚህ ጥያቄ መልስ ቢያጡ፤ የፈርን ዘር ለዐይን የማይታይ ነው፤ ያገኘውም ሰው እንደ ዘሩ ከሰው ዐይን ይሰወራል ብለው ያምኑ ነበር። ይህን ነገር ከሥሩ እስከ ጫፉ መርምሮ የገለጠው ሰው በዩኒቨርሲቲ ያልተማረ፤ ዐይኑም ከሩቅ አጥርቶ የማያይ ነጋዴ ነበር። ስሙ ዊልሄልም ሆፍማይስተር ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሆፍማይስተር በ1824 ዓ.ም. በጀርመን አገር በላይፕሲክ ከተማ ተወለደ። አባቱ ፍሪድሪሽ ሆፍማይስተር የሙዚቃ ኖታ የሚያሳትምና መጻሕፍት የሚሸጥ ሰው ነበር። ከንግዱም ሌላ ዕፀዋትን ማጥናት ይወድ ስለ ነበር ይህ ፍቅር ወደ ልጁ ተላለፈ። ልጁ 15 ዓመት ሲሆነው ትምህርት ቤቱን ትቶ ወደ ሐምቡርግ ሄደና በአንድ የሙዚቃ መደብር ንግድ ሲለማመድ 2 ዓመት ቆየ። በ1841 ወደ ላይፕሲክ ተመልሶ በአባቱ መደብር ሥራ ያዘ።

ለሌላ ሰው ቢሆን የትምህርት ነገር በዚህ ባበቃ ነበር። ሆፍማይስተር ግን ሊነጋ ሲል ከእንቅልፉ እየተነሣ መደብሩ እስኪከፈት ድረስ በማይክሮስኮፕ ዕፀዋትን ይመረምር ነበር። ዐይኑ ደካማ ስለ ነበር የሚያየውን ነገር በጣም አቅርቦ መያዝ ነበረበት። የሆነ ሆኖ እጁ እጅግ የተባ ነበርና ለሌሎች ሊቃውንት ያልተቻለውን ጥቃቅን ክፍል ከፍሎ ማውጣትና መሣል ይችል ነበር። መምህሩ መጽሐፍ ነበር፤ ከሁሉም ይልቅ የታወቀው ፕሮፌሰር ማትያስ ሽላይደን የጻፈውን የዕፀዋት መጽሐፍ አጠና።

ሽላይደን፤ የአበባ ብናኝ የሚያወጣው ቀጭን ቱቦ ራሱ ፅንስ ይሆናል ብሎ ያስተምር ነበር። ወጣቱ ነጋዴ ይህን ትምህርት በማይክሮስኮፕ ቢፈትነው ነገሩ እንደዚያ ሆኖ አላገኘውም። ፅንሱ የሚገኘው አስቀድሞ በእንስቷ ክፍል ውስጥ ካለችው የዕንቁላል ሕዋስ መሆኑን በ38 የተለያዩ ዕፀዋት ሳይሆን በጥቂቱ ብቻ አይቶ አልፎ ቢሆን ኖሮ ማንም ባልሰማው ነበር፤ እሱ ግን ብዙ የዕፀዋት ዐይነቶችን አንድ በአንድ መርምሮ ማስረጃውን በ1849 በመጽሐፍ አወጣ። ስለዚህ ሥራው የሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ በ1851 የክብር ዶክተርነት ማዕርግ ሰጠው። ያን ጊዜ ገና 27 ዓመቱ ነበር።

በዚያው በ1851 ትልቁን መጽሐፉን አሳተመ። ነገሩም እንዲህ ነው። በፈርን ቅጠል ጀርባ ላይ ቡናማ ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ በእነርሱም ውስጥ እንደ ትቢያ የደቀቁ ስፖሮች አሉ። ስፖር በነፋስ ተወስዶ እርጥብ መሬት ላይ ሲያርፍ የሚበቅለው ግን ፈርን አይደለም። ከጣት ጥፍር የማይበልጥ፤ ስስና አረንጓዴ፤ አብዛኛውን ጊዜ የልብ ቅርጽ ያለው ሌላ ተክል ይሆናል፤ ይህም ፕሮታለስ ይባላል። ፕሮታለስ እውነተኛ ሥር የለውም፤ እንደ ጠጕር በቀጠኑ ነገሮች ከመሬት ጋር ተያይዞ ውሃ ይስባል፤ ምግቡንም በፀሐይ ብርሃን ራሱ ይሠራል።

ካርል ኔግሊ በ1844 በዚህ ትንሽ ተክል ላይ የሚዋኙትን ወንዴ ሕዋሳት አይቶ ነበር፤ ሌሽቺችሱሚንስኪም በ1848 የሴቴውን ክፍል አገኘ። ወንዴው ሕዋስ በዝናብ ወይም በጤዛ ውሃ ውስጥ እየዋኘ ወደ ዕንቁላሉ ይደርሳል፤ ፈርን እርጥበት የሚወድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከተዋሐዱም በኋላ ፅንሱ በመጀመሪያ ከፕሮታለሱ ምግብ እየተቀበለ ያድጋል፤ የራሱን ሥርና ቅጠል ካወጣ በኋላ ግን ውሃንና ማዕድንን ከአፈር፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር እየወሰደ ራሱን ይችላል፤ ፕሮታለሱም ይሞታል። እንግዲህ ፈርን ሕይወቱ በሁለት ትውልድ የተከፈለ ነው፤ አንዱ ስፖር ይሰጣል፤ ሁለተኛው ወንዴና ሴቴ ሕዋሳትን ይሰጣል፤ እንዲህም እየተፈራረቁ ይኖራሉ።

የሆፍማይስተር ታላቅነት ሌሎች በየክፍሉ ያዩትን በአንድ ሕግ ማሰሩ ነው። ይህ መፈራረቅ በፈርን ብቻ ሳይሆን በእርጥብ ድንጋይ ላይ እንደ ምንጣፍ በሚነጠፈው በሞስም እንዳለ፤ በጥድ ወገኖችም ተሰውሮ እንደሚገኝ አሳየ። አበባ የሌላቸውና ዘር የሚሰጡት ዕፀዋት ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው ይባል የነበረው በዚህ ፈረሰ። ዳርዊን ስለ ፍጥረታት ዝምድና የጻፈውን መጽሐፍ ያወጣው ከዚህ 8 ዓመት በኋላ፤ በ1859 ነው። በ1896ም የጃፓኑ ሳኩጎሮ ሂራሴ ጊንኮ በሚባለው ዘር ሰጪ ዛፍ ውስጥ የሚዋኝ ወንዴ ሕዋስ ባገኘ ጊዜ ዘር ሰጪዎቹ ከፈርን ጋር ያላቸው ዝምድና ይበልጥ ተረጋገጠ።

እንዲህ ያለ ዝና ቢያገኝም ሆፍማይስተር ለብዙ ዓመታት ከንግዱ አልተለየም። በ1863 ግን የሃይድልበርግ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አድርጎ ሾመው፤ ተማሪ ሆኖ ያልገባበትን በር መምህር ሆኖ ገባበት። በ1872 ወደ ቲዩቢንገን ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። ነገር ግን የኋላ ዘመኑ የሐዘን ነበር። በ1847 ያገባት ባለቤቱ አግነስ በ1870 ሞተችበት፤ ከልጆቹም አያሌዎቹን ቀበረ። ከዚያም ራሱ በጽኑ ታሞ ሥራውን ተወ፤ በ1877 በጃንዋሪ ወር በላይፕሲክ አጠገብ በሊንደናው በ52 ዓመቱ ዐረፈ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፤ ከዚህ ሰው ሕይወት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፤ ጊዜ የለኝም ማለት ምክንያት እንዳይሆነን ነው፤ እሱ ጊዜውን ከእንቅልፉ ቀንሶ አገኘ። ሁለተኛው፤ መምህርን ማክበርና የመምህርን ቃል መመርመር እንደማይጣሉ ነው፤ ከሽላይደን መጽሐፍ ተማረ፤ የሽላይደንንም ስሕተት አረመ። በእርጥብ ጥላ ሥር ፈርን ስናይ ቅጠሉን ገልበጥ አድርገን ጀርባውን እንመልከት፤ ቡናማዎቹ ነጠብጣቦች ዛሬም በዚያ አሉ።