ሰውን ለሁለት ያልከፈሉት ቄስ

ዓዲ ሓቂ ካምፓስ ኢኮኖሚክስ ተምረን የወጣን ሰዎች አንድ የማይለቀን አመል አለ። ስለ እርዳታ ወሬ ሲነሳ ቶሎ ብለን ቁጥር እንጠይቃለን። ስንት ኩንታል? ለስንት ቤተሰብ? በየስንት ወሩ? በ2015 ዓ.ም የዓለም ምግብ ፕሮግራምና ዩኤስኤአይዲ እርዳታው ለታለመለት ሰው አልደረሰም ብለው በትግራይ የምግብ ስርጭት ሲያቆሙ ግን መቐለ ውስጥ በየሻይ ቤቱ የሰማሁት ጥያቄ የቁጥር አልነበረም። ሰዉ የሚጠይቀው ይህን የሚወስነው ማነው ብሎ ነበር። የት ሆኖ ነው የሚወስነው? የሚያስፈልገንን ነገር እኛን ማን ጠየቀን?

ይህንኑ ጥያቄ ከሃምሳ ዓመት በፊት በወረቀት ላይ አስፍረው ወደ አውሮፓ የላኩ ኢትዮጵያዊ ቄስ እንደነበሩ ያወቅኩት በኋላ ነው። ቄስ ጉዲና ቱምሳ ይባላሉ። የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሰዎች በደንብ ያውቋቸዋል፤ ከዚያ ውጭ ግን በእኔ ዕድሜ ካሉ ልጆች ታሪካቸውን የሚያውቅ ብዙ አላጋጠመኝም። እስቲ ዛሬ ልንገራችሁ። ሃይማኖታችሁ ምንም ይሁን ምን፣ ነገሩ የእናንተም ጉዳይ እንደሆነ ታያላችሁ።

ጉዲና የተወለዱት ሚያዝያ 27 ቀን 1921 ዓ.ም በምዕራብ ወለጋ፣ ቦጂ ነው። ቦጂ ለእኛ ለሰሜኖቹ በካርታ ሩቅ ብትሆንም በታሪክ ያን ያህል ሩቅ አይደለችም። ጉዲና ከመወለዳቸው ሠላሳ ዓመት ገደማ ቀድሞ ቦጂ ገብተው ወንጌል ያስተማሩት ቄስ ገብረ ኢዎስጣቴዎስ ከኤርትራ ደጋ የመጡ ሰው ነበሩ። በ1897 ዓ.ም እሳት ሲነሳ ሰው ለማዳን ገብተው በቃጠሎው ሞቱ። የጉዲና አገር ሰዎች እረኛ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ከስብከት በፊት በዓይናቸው አይተዋል ማለት ነው።

ጉዲና ገና በልጅነታቸው ወላጆቻቸውን አጡ። የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ከዚያ ነቀምቴ ሄደው ሚሲዮኑ በሚያስተዳድረው ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ድሬሰር ሆኑ። ድሬሰር በዚያ ዘመን ተራ ሥራ እንዳይመስላችሁ፤ ሐኪም በሌለበት አገር ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ በሽተኛውን በቋንቋው የሚያናግር እሱ ነው። የወደፊት ባለቤታቸውን ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳንም ያገኙት በዚሁ በነቀምቴ ኑሯቸው ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሆስፒታሉን ሥራ ትተው ነጆ የነገረ መለኮት ትምህርት ገቡና በ1950 ዓ.ም ቅስና ተቀበሉ።

በዓመቱ፣ ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ራሷን የቻለች ብሔራዊ ቤተ ክርስቲያን ሆና ተመሠረተች። ምእመኗ ያኔ 20,000 ያህል ነበር። ወጣቱ ቄስ በነቀምቴ አገለገሉ፤ ወደ ደቡብ ወርደውም በከምባታ ሠሩ። የነቀምቴ ልጅ ከምባታ ሄዶ ሲያገለግል ቋንቋም ምግብም ልማድም እንደ አዲስ ይማራል። ኋላ ላይ መላ ቤተ ክርስቲያኗን ሲመሩ ከአንድ አካባቢ አሻግረው ማየት የቻሉት ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

ከ1963 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ሴንት ፖል ከተማ በሚገኘው ሉተር ሴሚናሪ ተማሩ። ጊዜው የጥቁር አሜሪካውያን የመብት ትግል የጋለበት ነው፤ ሃይማኖትና አደባባይ አንድ ላይ ሲሄዱ በየጋዜጣው ይታይ ነበር። እንደተመለሱ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። የቤተ ክርስቲያኗ ፕሬዚዳንት የንጉሡ ሚኒስትር የነበሩት አቶ አማኑኤል አብርሃም ስለነበሩ፣ የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚያንቀሳቅሱት ዋና ጸሐፊው ናቸው።

አሁን ወደ ደብዳቤው እንምጣ።

በዚያ ወቅት ቤተ ክርስቲያኗ በፍጥነት እያደገች ነበር። በየገጠሩ አዳዲስ ምእመናን ይሰበሰባሉ፤ ሰባኪ ግን የለም፤ ሰባኪ ቢገኝ የሚሠለጥንበት ገንዘብ የለም። በሌላ በኩል ከአውሮፓ፣ በተለይ ከጀርመን፣ ለልማት የሚመጣው ብር በዝቷል። ከዚያ ውስጥ ትልቁ ድርሻ ከመንግሥት ግምጃ ቤት የወጣ ስለነበር ለስብከት ሥራ እንዳይውል ደንብ ነበረበት። ለክሊኒክ ይሆናል፣ ለትምህርት ቤት ይሆናል፣ ለውኃ ጉድጓድ ይሆናል። ለጸሎት ቤት ወይም ለሰባኪ ሥልጠና ግን አይሆንም።

ከለጋሹ በኩል ስታዩት ነገሩ ምክንያት አለው። ግብር ከፋዩ ከየሃይማኖቱ ነው፤ የአንዱን እምነት በሌላው ብር ማስፋፋት ክርክር ያስነሳል። እኛም ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለውን ነገር ቅድመ ሁኔታ ያለው እርዳታ እያልን ተምረናል። የተማርነው ግን ከሰጪው ወንበር ላይ ሆነን ነው። ጉዲና የተቀመጡት በተቀባዩ ወንበር ላይ ነበር።

በ1964 ዓ.ም ቤተ ክርስቲያኗ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ጽሑፍ ላከች፤ ከሐሳቡ ጀርባ ዋናው ሰው ጉዲና ነበሩ። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው። አፍሪካዊ ሰው ሥጋውንና ነፍሱን በሁለት መዝገብ ከፍሎ አያውቅም። ዳቦ የሚያስፈልገው ሰውና የሕይወት ትርጉም የሚያስፈልገው ሰው አንድ ሰው ነው። የሰውን ውስጥ የማይነካ ልማት ጎዶሎ ነው፤ የሰውን ረሃብ የማያይ ስብከትም እንዲሁ ጎዶሎ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ለኢትዮጵያ ምን እንደሚቀድም የሚወስነው ኢትዮጵያ ውስጥ የማይኖር ሰው መሆኑ ነው።

ጽሑፉ ቢሮ ውስጥ አልቀረም። ብዙ ክርክር አስነሳ፤ በ1974 እ.ኤ.አ. ናይሮቢ ላይ በዚሁ ጉዳይ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተጠራ። ዛሬ የመካነ ኢየሱስ ሰዎች ሁለንተናዊ አገልግሎት ሲሉ የምትሰሙት ቃል ከዚህ ሐሳብ ጋር የተያያዘ ነው።

እዚህ ላይ ጉዲና የፈረንጅ ብር ብቻ የሚጠይቁ ሰው እንዳይመስሏችሁ። በዚያው ሰሞን በአፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ የውጭ ሚሲዮናውያንም ገንዘባቸውም ለጊዜው ይቁሙ የሚል ክርክር ጦፎ ነበር። እሳቸውም ቤተ ክርስቲያን በራሷ ምእመናን መዋጮ መቆም አለባት ብለው አጥብቀው ያምኑ ነበር። ሁለቱ አይጋጩም ወይ? እኔ አይመስለኝም። ራሱን ለመቻል የሚፈልግ ሰው ነው እርዳታ ሲቀበል ደንቡን አብሮ ማውጣት የሚፈልገው።

ከዚያ ዘመን ተለወጠ። የካቲት 1966 ዓ.ም ፈነዳ፤ ንጉሡ ወረዱ፤ በየካቲት 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ለአንድ ወለጌ ገበሬ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ያለቀሰም የጨፈረም አለ። በቤተ ክርስቲያኗ ውስጥም ወጣቱ በአብዮቱ ተማርኳል፣ ሽማግሌው ፈርቷል። በዚህ መካከል ቤተ ክርስቲያኗ ለምእመናኗ ያወጣችው መልእክት ሁለቱንም የሚያረካ አልነበረም። ፍትሕ መምጣቱን፣ ድሃው በአገሩ ጉዳይ ድምፅ ማግኘቱን በደስታ ተቀበለች። ወዲያው ግን አስጠነቀቀች፤ ማንኛውም ርዕዮተ ዓለም የሰውን ሁለመና ሊጠይቅ አይችልም፤ ፍጹም ታማኝነት የሚገባው ለእግዚአብሔር ብቻ ነው አለች።

ደርግ መስማት የፈለገው የመጀመሪያውን ግማሽ ነበር። እምነታችሁን ቤታችሁ ያዙ፣ አደባባዩን ለእኛ ተዉት የሚል አካሄድ ነው የተከተለው። ይህ ደግሞ ሰውን እንደገና ለሁለት መክፈል ነው፤ መቁረጫው ብቻ ነው የተለወጠው። በ1969 ዓ.ም መጋቢት ላይ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አዲስ አበባ ላይ ያቋቋመው የወንጌል ድምፅ ሬዲዮ ተወረሰ። የቀይ ሽብር ዘመንም መጣ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የምእመናኑ ኑሮ ቀጥሏል። በየአጥቢያው ወጣቶች በታላቅ ድምፅ የሚጸልዩበት፣ እጃቸውን አንስተው የሚዘምሩበት አዲስ መነቃቃት ተነሳ። ጸጥ ባለው የሉተራን ሥርዓት ያደጉ ሽማግሌዎች ደነገጡ። በብዙ ቦታ እንዲህ ያለው ነገር ቤተ ክርስቲያን ይከፍላል። ጉዲና ያሉበት አመራር ግን መክሮ ወጣቶቹን በቤቷ ውስጥ ማቆየትን መረጠ። ከዚህ ቀደም ብሎም፣ በ1974 እ.ኤ.አ.፣ የቤቴል ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋህዳ ነበር። አብያተ ክርስቲያናት በጋራ የሚቆሙበት ምክር ቤት እንዲቋቋምም ጉዲና ብዙ ደክመዋል። ካድሬ ሰውን ከሰው በሚነጥልበት ጊዜ ሰብስቦ ማቆየት ራሱ ትልቅ ሥራ ነው።

ይህ በመንግሥት ዓይን ጥሩ አልታየም። በዚያ ላይ ታናሽ ወንድማቸው ባሮ ቱምሳ ከኦሮሞ ነጻነት ግንባር መሥራቾች አንዱ ነበሩ። ጉዲና በ1971 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ታሰሩና ተፈቱ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ዳግም ታስረው ሰኔ ላይ ተለቀቁ። በዚያ ዘመን ለሦስተኛ ጊዜ የሚመጣውን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

የውጭ ወዳጆቻቸው ከአገር የሚወጡበትን መንገድ አመቻችተውላቸው ነበር። አልወጡም።

አልበርት ሂርሽማን የሚባል ኢኮኖሚስት በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው ያለበት ድርጅት ወይም አገር ሲበላሽበት መውጣት ወይም መናገር ከፊቱ ያሉ ሁለት መንገዶች እንደሆኑ ይተነትናል፤ ታማኝነት ደግሞ መውጣቱን ያዘገየዋል ይላል። የእኔ ትውልድ የመቐለ ልጆች መውጣትን ከመጽሐፍ አልተማርንም፤ ጓደኞቻችን በሳዑዲ መንገድና በሊቢያ በረሃ ናቸው። ስለዚህ የወጣ ፈሪ ነው፣ የቀረ ጀግና ነው የሚል ስብከት ከእኔ አትጠብቁ። ነፍሱን ለማዳን የወጣ ሰው ማንም ሊወቅሰው አይገባም። የጉዲና ነገር የሚለየው በኃላፊነታቸው ነው። በየእስር ቤቱ የታጎሩ፣ ጸሎት ቤታቸው የተዘጋባቸው ምእመናን እየጠበቋቸው እረኛው ቢሄድ፣ ለዓመታት ያስተማሩት ነገር በአፍ ብቻ የተባለ ይሆን ነበር። ሰውነታቸውን አትርፈው ጥሪያቸውን መተው፣ ይኸም በእሳቸው ሂሳብ ሰውን ለሁለት መክፈል ነው።

በዚያ ክረምት ስለ አንድ ክርስቲያን በኅብረተሰቡ ውስጥ ስላለው ድርሻ አንድ ጽሑፍ አዘጋጁ። አማኝ ለሌላው መኖር እንዳለበት፣ ለዚህም ዋጋ እንደሚከፈል የሚያስረዳ ነው። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም አዲስ አበባ፣ በኡራኤል መካነ ኢየሱስ አገልግለው ከባለቤታቸው ጋር ሲወጡ ታፈኑ። ወይዘሮ ፀሐይ ተለቀቁ። ጉዲና አልተመለሱም። ሃምሳ ዓመታቸው ነበር።

በዚያው ሌሊት መገደላቸው የታወቀው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እስከዚያ ቤተሰቡ ሐዘን አይቀመጥ፣ ተስፋም አይቆርጥ፤ እንዲሁ ተንጠልጥሎ ቆየ። የጠፋ ሰው የሚጠብቅ ቤት በእኛም ከተማ ብዙ ስላለ ይህን አላብራራላችሁም። ወይዘሮ ፀሐይ በ1972 ዓ.ም እንደገና ተይዘው ከባድ ግርፋትና ስቃይ ደረሰባቸው፤ ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በእስር አሳለፉ። ያለ ፍርድ ነው ይህ ሁሉ። የእሳቸው ጽናት ለብቻው ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል። ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም፣ የቄሱ አጽም ከተጣለበት ከልዑል ራስ አስራተ ካሣ ግቢ ወጥቶ በክብር አረፈ። ወይዘሮ ፀሐይ ያን ቀን ለማየት በቁ፤ ያረፉት በ2007 ዓ.ም ነው።

ውጭ አገር አንዳንዶች ጉዲናን የኢትዮጵያ ቦንሆፈር ይሏቸዋል፤ በሂትለር ዘመን ከተገደለው ጀርመናዊ ፓስተር ጋር እያመሳሰሉ። ለእኔ ግን በራሳቸው ስም ቢታወሱ ይሻላል። ያነሱት ጥያቄ ከቦጂ፣ ከነቀምቴ ሆስፒታልና ከከምባታ መንገድ የተነሳ ነው።

በ20,000 ሰው የጀመረችው ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ ምእመን አላት። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ይህን ሁሉ የአንድ ሰው ውጤት ነው ብሎ አይጽፍም፤ መንስኤው ብዙ ነው። በስማቸው የተቋቋመ ፋውንዴሽንም በከረዩ አርብቶ አደሮች መካከል የትምህርት ሥራ ይሠራል።

የደብዳቤው ጥያቄ ግን ዛሬም መልስ ይፈልጋል። በመቐለ የተፈናቃይ መጠለያዎች ለአንድ ሰው በወር የሚታደለው እህል በኪሎ ይለካል፤ መለካቱም ግድ ነው። ያ ሰው ግን ልጁን የሚያስተምርበት ክፍል፣ ሙታኑን የሚያለቅስበት ቦታ፣ ወደ ቀዬው የሚመለስበት ቀንም ያስፈልገዋል። ይህንን የሚያስገባ ሠንጠረዥ ብዙ አላየሁም። ነገ ከእናንተ መካከል በየድርጅቱ ተቀጥሮ የተረጂ ቅጽ የሚያዘጋጅ ሰው ይኖራል። ቅጹን ከማተሙ በፊት መጠለያው ድረስ ሄዶ፣ ምን እንደጎደለ ሰዎቹን ራሳቸውን ይጠይቅ።