የሬኔ ዴካርት ታሪክ፤ ፊደልን ከመሥመር ጋራ ያስማማ ሊቅ

ሬኔ ዴካርት የተወለደው በፈረንሳይ አገር፣ በቱሬን አውራጃ፣ ላ ሄ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው፤ ዘመኑም 1596 ዓመተ ምሕረት ነበረ። በዚህ ታሪክ የተጻፈው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው። አባቱ የሕግ ሰውና ዳኛ ነበረ። እናቱ ሕፃን ሳለ ስለ ሞተችበት አያቱ አሳደገችው። ሰውነቱም ደካማ ነበረና፣ በላ ፍሌሽ ወደሚገኘው የኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ፣ መምህራኑ ጧት ጧት ከጓደኞቹ ዘግይቶ እንዲነሣ ፈቀዱለት። እርሱ ግን ያን ጊዜ በእንቅልፍ አላሳለፈውም፤ በአልጋው ላይ ሆኖ ያስብበት ነበር እንጂ።

ከትምህርቶቹ ሁሉ አብልጦ የወደደው ሒሳብን ነው፤ ማስረጃው የጸና ነውና። ነገር ግን በሒሳብ ውስጥ ሁለት እኅትማማች ጥበቦች ተለያይተው ሲኖሩ አየ። አንደኛይቱ ጂኦሜትሪ ናት፤ እርሷ ሥዕልን ብቻ ስለምትመለከት ዐሳብን ታደክማለች። ሁለተኛይቱ አልጀብራ ናት፤ እርሷም በምልክት ብዛት ልብን ታጨልማለች። ዴካርት ሁለቱን አገናኝቶ የአንዲቱን ጕድለት በሌላይቱ ሊሞላ ፈለገ።

በ1616 ዓ.ም. በፗቲዬ ከተማ የሕግ ትምህርቱን ፈጸመ፤ በ1618 ዓ.ም. ወደ ሆላንድ ሄዶ ወታደር ሆነ። በዚያም ይስሐቅ ቤክማን ከሚባል ዐዋቂ ጋራ ተወዳጀ፤ ይህም ሰው የሒሳብን ፍቅር እንደ ገና አነቃቃበት። በ1628 ዓ.ም. ኑሮውን በሆላንድ አደረገ፤ በ1637 ዓ.ም. በላይደን ከተማ ስለ ዕውቀት መንገድ የሚናገረውን መጽሐፉን ያለ ስሙ አሳተመ። በመጽሐፉም መጨረሻ የጂኦሜትሪውን ክፍል አገባበት። የታወቀውን መጠን በላቲን ፊደል መጀመሪያ ባሉት፣ ያልታወቀውንም በፊደሉ መጨረሻ ባሉት መጻፍን ያስለመደ እርሱ ነው።

ልጆች ሆይ፣ ጥበቡን በምሳሌ እንመልከት። በአንድ ቤት ጎተራ ውስጥ 3 ቁና እህል አለ እንበል፤ ባለቤቱም በየቀኑ 2 ቁና ይጨምርበታል። ቀኑን ፈ፣ በጎተራው ያለውን እህል ፐ ብንለው፣ ነገሩ ሁሉ በአንድ እኩልታ ይጻፋል፤ ፐ = 2ፈ + 3። አሁን በወረቀት ላይ አንድ መሥመር አግድም፣ አንድ መሥመር ሽቅብ እናስምር፤ በአግድሙ ቀኖቹን፣ በሽቅቡ ቁናዎቹን እንቍጠር። መጀመሪያ፣ ገና ምንም ሳይጨመር፣ 3 ነው፤ በ1ኛው ቀን 5፣ በ2ኛው ቀን 7፣ በ3ኛው ቀን 9 ይሆናል። ለእያንዳንዱ ቀን ነጥብ ብናደርግ ነጥቦቹ ሁሉ ሳይዛነፉ በአንድ ቀጥተኛ መሥመር ላይ ይሰለፋሉ።

ይህንኑ እኩልታ በሌላ መልክ ልንጽፈው እንችላለን። ያልታወቁትን ሁለቱን በአንድ ወገን ብንሰበስባቸው ፐ − 2ፈ = 3 ይሆናል። ከ1ኛው ቀን ነጥብ ብንነሣ ደግሞ ፐ − 5 = 2(ፈ − 1) ይሆናል። የፊተኛው መልክ መነሻውንና የየቀኑን ጭማሪ ይገልጣል፤ ሁለተኛው የሁለቱን መጠኖች ዝምድና ያሳያል፤ ሦስተኛው በታወቀ ነጥብ የሚያልፈውን መሥመር ይናገራል። ልብሳቸው ሦስት ነው፤ መሥመሩ ግን አንድ ነው። የተጠራጠረ ሰው በ4ኛው ቀን ስንት ቁና እንደሚኖር በሦስቱም ይፈልግ፤ በሁሉም 11 ያገኛል።

ዴካርት ራሱ በመጽሐፉ የደከመው ከዚህ በሚከብዱ ጠማማ መሥመሮች ላይ ነው። ዛሬ በትምህርት ቤት የምናሰምራቸው ሁለቱ መሥመሮች ከነቍጥራቸው እንዲህ የተስተካከሉት ከእርሱ በኋላ በተነሡ ሰዎች ድካም ነው። ደግሞም ፒየር ደ ፌርማ የሚባል የፈረንሳይ ሰው በዚያው ዘመን ወደዚሁ ጥበብ በራሱ መንገድ ደርሶ ነበር።

ይሁን እንጂ በዚህ ታላቅ ሊቅ ላይ አንድ ነቀፋ ይገኝበታል። ተቃዋሚዎቹ አስቀድመን ዐውቀነው ነበር እንዳይሉ ፈርቶ፣ በጂኦሜትሪው ውስጥ ብዙ ነገር ዐውቆ ሳይገልጥ ተወው። ስለዚህ መጽሐፉን አንብበው የሚያስተውሉት ጥቂቶች ብቻ ሆኑ። ዘሩ መልካም ነበረ፤ ነገር ግን በከረጢት ታስሮ ቀረ።

ከረጢቱን የፈታው ፍራንስ ቫን ስኩተን የሚባል የላይደን መምህር ነው። እርሱ በ1649 ዓ.ም. መጽሐፉን ወደ ላቲን መልሶ፣ ጨለማ የሆነውን ቦታ ሁሉ በማብራሪያ ገልጦ አሳተመው፤ በኋላም ማብራሪያውን አስፍቶ ደገመው። ይስሐቅ ኒውተን በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ተማሪ ሳለ የዴካርትን ጥበብ የተማረው ከዚህ ከቫን ስኩተን መጽሐፍ ነው። የኒውተንን ስም የማያውቅ ተማሪ የለም፤ የዚያን መምህር ስም የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ዴካርትም በ1649 ዓ.ም. የስዊድን ንግሥት ክርስቲና ስለ ጠራችው ወደ ስቶክሆልም ሄደ። ንግሥቲቱ በብርቱው ክረምት ከማለዳው በፈረንጆች 5 ሰዓት እንዲያስተምራት አዘዘች፤ ከልጅነቱ ጀምሮ አርፍዶ መነሣት ለለመደ ሰው ይህ ከባድ ነበረ። የሳንባ በሽታም ይዞት በየካቲት ወር 1650 ዓ.ም. በ53 ዓመቱ ዐረፈ።

እንግዲህ ተማሪ ሆይ፣ ከዴካርት ትጋትን ተማር፤ የከበደህን ነገር በጥቂት በጥቂቱ ከፍለህ ከቀላሉ ጀምር። ከቫን ስኩተን ግን ልግስናን ተማር። ያገኘኸውን ዕውቀት ጓደኛህ በአንድ መልክ ባያስተውለው በሌላ መልክ ጽፈህ አሳየው፤ እውነት መልኳ ቢለዋወጥ አትለወጥምና። እህል በጎተራ ሲኖር ለአንድ ቤት ይበቃል፤ ሲዘራ ግን አገርን ይመግባል።