የመቃብሩን ጽሑፍ አስቀድሞ የጻፈው ወጣት

እኛ ወጣቶች ተሰብስበን ስለ ወደፊት ኑሯችን ስንጫወት አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ስለምንይዘው ሥራና ስለምንሠራው ቤት ነው። ምን ዓይነት ሰው እንደምንሆን የምንጠያየቀው ግን ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ይህን ጥያቄ ገና በሃያ ዓመቱ ለራሱ ያቀረበውን የቤንጃሚን ፍራንክሊንን ሕይወት ልንመለከት ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍራንክሊን በ1706 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በቦስተን ከተማ ተወለደ። አባቱ ሻማና ሳሙና ሠሪ ነበር። ልጁ ትምህርት ቤት የቆየው ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ሲሆን፣ በ12 ዓመቱ በወንድሙ ማተሚያ ቤት ሙያ ሊማር ገባ። በ17 ዓመቱ ግን ከወንድሙ ጋር ተጣልቶ ወደ ፊላዴልፊያ ኰበለለ፤ ከዚያም ወደ ለንደን ተሻገረ። የለንደን ኑሮው የሚያስመሰግን አልነበረም። ያገኘውን ገንዘብ በቲያትርና በመዝናኛ ይጨርስ ነበር። ለማግባት ቃል ለገባላት ለዲቦራ አንድ ደብዳቤ ብቻ ጽፎ ዝም አለ። አስቀድሞም ቢሆን የሰው ገንዘብ በአደራ ተቀብሎ አጉድሏል።

በ1726 ዓ.ም. በመርከብ ወደ ፊላዴልፊያ ሲመለስ ጉዞው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ወሰደ። ያን ጊዜ ነበር እስከዚያ ድረስ ያለ ዕቅድ መኖሩን ተገንዝቦ የወደፊት አካሄዱን በጽሑፍ ያሰፈረው፤ ዕዳውን እስኪከፍል በቁጠባ ሊኖር፣ እውነት ሊናገር፣ በሥራው ሊተጋ፣ የማንንም ስም ላያጠፋ ወሰነ። ጥቂት ቆይቶም፣ በ22 ዓመቱ ገደማ፣ በመቃብሩ ላይ የሚቀመጠውን ጽሑፍ አዘጋጀ። አታሚ ነውና ሥጋውን ባረጀ መጽሐፍ መሰለው፤ ደራሲው አርሞና አሳምሮ እንደገና እንደሚያሳትመው ተስፋ አደረገ።

ሆኖም በምኞት ብቻ አልቀረም። አሥራ ሦስት በጎ ጠባዮችን መርጦ በትንሽ ደብተር ላይ ሠንጠረዥ አሰመረላቸው። ለእያንዳንዱ ሳምንት አንድ ጠባይ መደበ፤ ማታ ማታ ራሱን እየመረመረ ጥፋት ባገኘ ቁጥር ጥቁር ነጥብ ያደርጋል። አሥራ ሦስቱ ሳምንታት ሲያልቁ እንደገና ይጀምራል፤ በዓመት አራት ጊዜ መሆኑ ነው። የድሮውን ነጥብ እየፋቀ አዲስ ስለሚያደርግ ወረቀቱ ተበሳሳ፤ በኋላ በእርጥብ ስፖንጅ በሚጠረግ የዝሆን ጥርስ ገጽ ላይ ገለበጠው። (ከመካከላችን አንዳንዶች ሠንጠረዡን በደብተራቸው አስምረው ሞክረውት ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ነጥብ ማድረጉን ራሱ ረሱት።) እርሱንም ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረው ዕቃን በየቦታው፣ ሥራን በየሰዓቱ የማድረግ ሥርዓት ነበር፤ እስከ እርጅናው አልተሳካለትም። ትሕትናን የጨመረው አንድ ወዳጁ ትዕቢተኛ መሆኑን ስለ ነገረው ነው፤ በዚህም ትዕቢቱን ቢያሸንፍ እንኳ በትሕትናው መኩራቱ እንደማይቀር አምኗል።

አንባቢ ሆይ፣ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ከአሥራ ሦስቱ ጠባዮች አንዱ ፍትሕ ነበር። ሆኖም ፍራንክሊን ለብዙ ዓመታት ባሪያዎች ነበሩት፤ ጋዜጣውም የባሪያ ሽያጭ ማስታወቂያ ያወጣ ነበር። በዚያ ላይ ነጥብ አላደረገም። በወጣትነቱ የሳለው መልካም ሰው የዘመኑን ዕውርነት ተጋርቶ ነበርና። ዓይኑ የተከፈተው ቆይቶ ነው፤ በ1787 ዓ.ም. የፔንስልቬንያ ፀረ ባርነት ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በየካቲት 1790 ዓ.ም. ባርነት እንዲቀር የሚጠይቅ አቤቱታ ፈርሞ ለአሜሪካ ምክር ቤት አቀረበ። ያን ጊዜ ዕድሜው 84 ነበር፤ በበሽታ ይሠቃይ ነበር። ምክር ቤቱ ጥያቄውን አልፈጸመለትም።

በሚያዝያ 17 ቀን 1790 ዓ.ም. ዐረፈ። በወጣትነቱ የጻፈው ያ ያማረ ጽሑፍ በመቃብሩ ላይ አልተቀረጸም። በኑዛዜው ያዘዘው ጌጥ የሌለው ድንጋይ ነበር፤ ዛሬም በፊላዴልፊያ በድንጋዩ ላይ የሚነበበው የእርሱና ያች በአንድ ደብዳቤ የረሳት፣ በኋላ ግን ሚስቱ የሆነችው የዲቦራ ስም፣ ከዚያም ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ነው።