ስለ ጊታሩ ሊቅ ስለ ፍራንሲስኮ ታሬጋ

ባለፈው ክረምት ዘመድ ለመጠየቅ ወደ አዲስ አበባ ሄጄ ሳለሁ፣ አጐቴ አንድ ማታ ጊታር ወደሚሰማበት አዳራሽ ይዞኝ ሄደ። እኔ ጊታር ሲባል የማውቀው ከድምፅ ማጉያ ጋር ተያይዞ ጆሮ የሚያደነቁረውን ስለ ነበር፣ አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ፣ ግራ እግሩን ትንሽ መርገጫ ላይ አሳርፎ፣ ያለ ማጉያ መምታት ሲጀምር ምንም የማይሰማ መስሎኝ አዘንሁ። ጥቂት ቆይቶ ግን ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። ልክ በአገራችን በመርጡለ ማርያም፣ በዐቢይ ጾም በገና ሲደረደር ትንፋሻችንን ውጠን እንደምናዳምጠው ሆነ። የበገና ድምፅ ይነዝራል፤ ይህኛው ግን የጠራ ነው፤ ተመትቶም ወዲያው ይጠፋል።

በመጨረሻ የተሰማው ዜማ የአልሃምብራ ትዝታ ይባላል አሉኝ። ትዝታ የሚለውን ስም በሰማሁ ጊዜ ደራሲውን ለማወቅ ጓጓሁና ታሪኩን ፈልጌ አነበብሁ። ዓመቶቹን የጻፍሁት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ፍራንሲስኮ ታሬጋ በ1852 በእስፓኝ አገር ቪያሬያል በምትባል ከተማ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ከውሃ ቦይ ውስጥ ወድቆ ዓይኖቹ ክፉኛ ተጐዱ። አባቱ ድኻ ነበሩ። ልጁ ቢታወር እንኳ እንጀራውን በሙዚቃ እንዲያገኝ አስበው፣ ቤተ ሰባቸውን ይዘው ወደ ካስቴዮን ከተማ ተዛወሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት የሙዚቃ መምህራኑም ዓይነ ሥውራን ነበሩ።

እዚህ ላይ ስደርስ ንባቤን አቋረጥሁ። የታናሽ ወንድሜን ዓይን ትራኮማ ጐድቶታል፤ ከፊት ወንበር ተቀምጦ እንኳ ጥቁር ሰሌዳውን በደንብ አያይም። በገዛ እጁ በሠራው ክራር ግን አንድ ጊዜ የሰማውን ዜማ አይስትም። አባታችን ልጃቸው ከአዝማሪ እንዳይቈጠርባቸው ፈርተው ክራሩን ቆጥ ላይ ሰቅለውታል።

ወደ ታሬጋ ልመለስ። በ1862 ኹልያን አርካስ የተባለ ዝነኛ ጊታር መቺ ሰምቶት ወደ ባርሴሎና መጥቶ እንዲማር ጠየቀለት፤ አባቱም ፒያኖ ጭምር እንዲማር ብለው ፈቀዱ። ዐሥር ዓመት ያህል የሆነው ልጅ ግን ከትምህርቱ ጠፍቶ በየቡና ቤቱ ጊታር ሲመታ ተገኘና አባቱ ፈልገው መለሱት። ከሦስት ዓመት በኋላም እንደ ገና ጠፋ! (የአባቱ ትዕግሥት ያስደንቀኛል።) በ1869 አንቶንዮ ደ ቶሬስ የሠራውን ጊታር አገኘ፤ ቶሬስ የጊታርን ሆድ አስፍቶ ድምፁን ያጐላ ሠራተኛ ነው። በ1874 አንድ ባለጸጋ ነጋዴ ረድቶት ማድሪድ ከሚገኘው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ።

በ1881 በፓሪስና በለንደን ተጫወተ። የቤትሆቨንና የሾፐንን የፒያኖ ድርሰቶች ለስድስት ክር አስማማቸው። ይሁን እንጂ ከትልቅ አዳራሽ ይልቅ በወዳጆቹ ቤት መጫወት ይወድ ነበር። በ1902 ገደማ የቀኝ እጁን ጥፍሮች ቈርጦ፣ ክሩን በጣቱ ሥጋ ብቻ መምታት ጀመረ። የድምፁን ጕልበት ቀንሶ ልስላሴውን መረጠ ማለት ነው። በዚያ ዘመን የጊታር ክር እንደ በገናችን ከአንጀት ይሠራ ነበር።

ማሲንቆ ደጋን ስላለው ድምፁን እንደ ፈለገ ያስረዝማል፤ ጊታር ይህን አይችልም። ታሬጋ በአልሃምብራ ትዝታ ያደረገው ዘዴ የሚከተለው ነው። አውራ ጣት ወፍራሞቹን ክሮች ሲመታ፣ ሌሎች ሦስት ጣቶች ቀጭኑን ክር እየተፈራረቁ በፍጥነት ይመቱታል። የሚጠፋው ድምፅ ሳይጠፋ ሌላው ስለሚተካው፣ ዜማው ያልተቋረጠ መስሎ ይሰማል። እኔም በአዳራሹ ውስጥ ሁለት ሰዎች የሚጫወቱ መስሎኝ ነበር። ሌላውን ድርሰቱን፣ ግራን ቫልስ የሚባለውን፣ ወላጆቻችንም ሳያውቁት ሰምተውታል፤ የኖኪያ ስልክ ጥሪ ከዚያ የተቈረጠ ነውና።

በ1906 ቀኝ ጐኑ ሽባ ሆነ። እንደ ቀድሞው ባይጫወትም መድረሱንና ማስተማሩን አልተወም፤ በዲሴምበር 15 ቀን 1909 በባርሴሎና ዐረፈ። ከደቀ መዛሙርቱ ሚጌል ዮቤትና ኤሚልዮ ፑኾል ስመ ጥሩ ሆነዋል።

ይህ መጽሔት ሲታደል ለአባቴም አንድ ይደርሳቸዋል። ክራሩ ዛሬም ቆጥ ላይ ነው።