ጂሚ ሄንድሪክስ፦ ሃያስያን የዘገዩበት ጊታሪስት

ጁን 1967፣ ካሊፎርኒያ፣ የሞንትሬይ ፌስቲቫል (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አንድ የ24 ዓመት ጥቁር ወጣት መድረክ ላይ ተንበርክኮ ጊታሩ ላይ የላይተር ቤንዚን አርከፈከፈና ክብሪት ለኮሰበት። ታዳሚው ዓይኑን ማመን አቃተው። ሮበርት ክሪስትጋው የተባለው ሃያሲ ግን ምንም አልጣመውም። ኤስኳየር መጽሔት ላይ ስለ ፌስቲቫሉ ሲጽፍ፣ ጂሚን ነጮችን ለማስደሰት የሚያሽቃብጥ ጥቁር አድርጎ አቀረበው። ልብ በሉ፣ ጸሐፊው ራሱ ነጭ ነው።

ይሄ ስድብ የሰውየውን መንገድ ላየ በጣም ያናድዳል።

ጂሚ 1942 ላይ ሲያትል ተወለደ። ያደገው በድህነት ነው። ወላጆቹ ተለያዩ፣ እናቱም 15 ዓመቱ ላይ ሞተችበት። የመጀመሪያ ጊታሩ በ5 ዶላር የተገዛች አሮጌ ነበረች። ግራኝ ስለሆነ የቀኝ እጅ ጊታር ይገለብጥና ክሮቹን እንደገና አስሮ ይጫወታል። አንድ ዓመት ገደማ የአየር ወለድ ወታደር ሆኖ 1962 ላይ ተሰናበተ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ከዘፋኝ ጀርባ የሚቆም አጃቢ ነበር። ከአይስሊ ብራዘርስ ጋር ሠርቷል፣ ከሊትል ሪቻርድም ጋር። የሚጫወቱትም ታዳሚያቸው ጥቁር በሆነባቸው ክለቦች ነው። ጊታርን ከጀርባ አዙሮ መጫወት፣ በዚያ ሁሉ ትዕይንት ሰው ማስጮህ ከነዚህ መድረኮች የመጣ ነገር ነው፤ ቲ-ቦን ዎከር የተባለው የብሉዝ ጊታሪስት ከጂሚ ብዙ ቀድሞ ይሠራው ነበር። ሃያሲው ለነጭ ማጎብደድ ያለው ነገር የጥቁሮች የቆየ ጨዋታ ነበር ማለት ነው።

1966 ላይ ቻስ ቻንድለር የሚባል እንግሊዛዊ ሙዚቀኛ ኒውዮርክ አንድ ካፌ ውስጥ ሰማውና ለንደን ወሰደው። እዚያ ከኖኤል ሬዲንግና ከሚች ሚቸል ጋር ባንድ መሠረቱ። የእንግሊዝ ጋዜጦች ከጫካ የወጣ አውሬ አስመሰሉት፤ ሙዚቀኞቹ ግን ቶሎ ገባቸው። ቢትልስ ሳርጀንት ፔፐርን ባወጡ በቀናት ውስጥ፣ ጂሚ የአልበሙን መክፈቻ ዘፈን ፖል ማካርትኒና ጆርጅ ሃሪሰን አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው እያዩት ተጫወተው። ድፍረት ነው በቃ።

የመጀመሪያ አልበሙ፣ አር ዩ ኤክስፒሪየንስድ፣ በ1967 ወጣ። ገና ሥራ የጀመረው ሮሊንግ ስቶን መጽሔት ላይ ጆን ላንዳው ጊታር አጨዋወቱን አደነቀና ዘፈኖቹንና ግጥሞቹን አጣጣለ። እንግዲህ ስህተቱ እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። ላንዳው ጊታሩን ለብቻ፣ ዘፈኑን ለብቻ ነበር የመዘነው። የጂሚ ሥራ እንደዚያ አይነጠልም። ማይክ ስፒከር አጠገብ ሲደርስ የሚወጣውን ፉጨት ታውቁታላችሁ አይደል? ሌላው ሰው እንዳይመጣ የሚጠነቀቀውን ድምፅ ጂሚ ሆን ብሎ ይጠራውና ዜማ ያደርገዋል። ያ ፉጨት ለሱ ዘፈኑ ራሱ ነው።

በ1968 ኤሌክትሪክ ሌዲላንድን ሠራ፣ ሁለት ሸክላ የሚሞላ አልበም። አንዱ ዘፈን ብቻ 15 ደቂቃ ይፈጃል። ሌላው ደግሞ ወደ ባህር ስር ስለመውረድ ነው፤ እዚያ ውስጥ የምትሰሙትን የባህር ወፍ ጩኸት ጂሚ ሄድፎኑን ማይክ አጠገብ አድርጎ በማስፏጨት ነው ያወጣው። አንዱን ዘፈን ደግሞ ከ50 ጊዜ በላይ ደጋግሞ ቀዳው። ቻንድለር ድግግሞሹም፣ ስቱዲዮውን የሚያጨናንቀው የእንግዳ ብዛትም ሰለቸውና ሥራውን ጥሎ ሄደ። አልበሙ ሲወጣ የእንግሊዙ ሜሎዲ ሜከር ከአንድ ዘፈን በስተቀር የተዘበራረቀ ነው ብሎ ጻፈ። የተረፈው ዘፈን የቦብ ዲላን ድርሰት ነበር፤ ዲላን ራሱ በኋላ በመድረክ ላይ በጂሚ አጨዋወት ይጫወተው ጀመር! አልበሙ አሜሪካ ውስጥ 1ኛ ወጣ። በሕይወት እያለ 1ኛ ሲወጣለት ያየው አልበም እሱ ብቻ ነው።

ታዳሚውም ቢሆን ሁልጊዜ አልገባውም። በ1967 ክረምት መንኪስ ለተባለው የታዳጊዎች ባንድ መድረክ እንዲከፍት ተደርጎ ነበር። ልጆቹ መንኪስን እየጠሩ ሲጮኹበት ጊዜ ጥቂት ኮንሰርት ሠርቶ ተወው። በኋላም ብዙው ሰው የሚፈልገው ያንን እሳትና የድሮዎቹን ዘፈኖች ነበር፤ እሱ ደግሞ ወደ አዲስ ነገር መሄድ ነበር የሚፈልገው። ኦገስት 1969 ዉድስቶክ ላይ፣ ሰኞ ጠዋት፣ አብዛኛው ሕዝብ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ፣ የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር በጊታር ተጫወተ። የቬትናም ጦርነት ዘመን ነበርና ብዙዎች በዚያ ጩኸት ውስጥ ቦምብ ሲወድቅ ሰምተዋል።

ሴፕቴምበር 18 ቀን 1970 ለንደን ውስጥ ሞተ። 27 ዓመቱ ነበር።

ሮሊንግ ስቶን በ2003 የምንጊዜም ታላላቅ ጊታሪስቶችን ሲዘረዝር 1ኛ ያደረገው እሱን ነው፤ ከሞተ ከ33 ዓመት በኋላ። ኒውዮርክ ውስጥ ለራሱ ያሠራው ኤሌክትሪክ ሌዲ ስቱዲዮ የተመረቀው ከመሞቱ ሦስት ሳምንት በፊት ነበር፤ ብዙም ሳይሠራበት ሞተ። ስቱዲዮው ግን ዛሬም ክፍት ነው። ዲአንጄሎ ቩዱን የቀዳው እዚያ ነው፣ ሎርድም ሜሎድራማን በከፊል የሠራችው እዚያ ነው።