ፋውስቶ ኮፒ፦ በብርድ ወራት ልምምድ የተገነባ ሻምፒዮን

በብስክሌት ስፖርት ታሪክ ከታላላቆቹ ተርታ የሚመደበው ጣሊያናዊው ፋውስቶ ኮፒ ሕይወቱ ያለፈው በ40 ዓመቱ ነበር። ለሞቱ ምክንያት የሆነው በውድድር ላይ የደረሰ አደጋ አልነበረም። የውድድር ዘመኑ ተጠናቆ ብስክሌተኞች በሚያርፉበት ወቅት ወደ አፍሪካ ባደረገው ጉዞ የያዘውና ሐኪሞቹ በጊዜው ያልለዩት የወባ በሽታ ነው።

ኮፒ በሕይወቱ ያስመዘገባቸው ድሎች አብዛኛዎቹ የተዘጋጁት ውድድር በሌለባቸው ወራት መሆኑን የሕይወት ታሪኩ ያስረዳል። የሕይወቱ ፍጻሜም በእነዚሁ ወራት መሆኑ ታሪኩን ልዩ ያደርገዋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከገበሬ ቤት እስከ ሉካንዳ

አንጀሎ ፋውስቶ ኮፒ የተወለደው ሴፕቴምበር 15 ቀን 1919 በሰሜን ጣሊያን በፒየሞንቴ ክልል በምትገኘው ካስቴላኒያ በተባለች አነስተኛ የኮረብታ መንደር ነው። ወላጆቹ ዶሜኒኮና አንጆሊና ካፈሯቸው አምስት ልጆች አራተኛው ሲሆን፣ ቤተሰቡ የሚተዳደረው በግብርና ነበር። ኮፒ ቀጭንና ደካማ መሳይ ልጅ ስለነበረ ለእርሻ ሥራ እምብዛም አይመችም ነበር።

ገና በልጅነቱ ከመንደሩ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ኖቪ ሊጉሬ ከተማ በአንድ ሉካንዳ ቤት በተላላኪነት ተቀጠረ። ሥራው ሥጋ በብስክሌት ጭኖ ለደንበኞች ማድረስ ነበር። ይህ ሥራ ሳያስበው የመጀመሪያው የብስክሌት ልምምድ ሆነለት። የንግድ መርከብ ባለሙያ የነበሩትና እርሱም ስማቸውን የወረሰው አጎቱ ፋውስቶ ለውድድር የሚሆን ብስክሌት መግዣ ገንዘብ በመስጠት እንደረዱት ይነገራል።

በዚያን ዘመን በጣሊያን አንድ አማተር ብስክሌተኛ ደመወዝ አልነበረውም። ኑሮውን የሚመራው በሌላ ሥራ ሲሆን፣ ልምምዱን የሚያካሂደው ከሥራ በፊት ወይም ከሥራ በኋላ ነበር። በየመንደሩ በዓል በሚዘጋጁ ውድድሮች ያሸነፈ የሚያገኘው ሽልማትም ጥቂት ገንዘብ ወይም የቤት ዕቃ ነበር። ኮፒም ከዚህ የተለየ ዕድል አልገጠመውም።

የዓይነ ስውሩ ወጌሻ ትምህርት

የኮፒን ሕይወት የለወጠው በኖቪ ሊጉሬ ከሚኖሩት ከቢያጆ ካቫና ጋር መተዋወቁ ነው። ካቫና ቀደም ሲል እንደ ኮስታንቴ ጂራርዴንጎና ሌያርኮ ጉዌራ ያሉ ታዋቂ ብስክሌተኞችን ያገለገሉ ወጌሻ ሲሆኑ፣ የዓይናቸውን ብርሃን ካጡ በኋላም ሥራቸውን አላቋረጡም። የአንድን ወጣት ጡንቻ በእጃቸው ዳስሰው፣ የልብ ትርታውን አዳምጠው፣ ምን ሊሠራ እንደሚችል የመገመት ችሎታ እንደነበራቸው ይነገርላቸዋል። ካቫና በቀጭኑ ተላላኪ ልጅ ላይ ሌሎች ያላዩትን ተሰጥዖ ተገነዘቡ። ኮፒ በዕረፍት ላይ ሳለ ልቡ እጅግ ዝግ ብሎ የሚመታ፣ ሳንባውም ሰፊ አየር የሚይዝ ነበር።

በጣሊያን ዋና ዋናዎቹ የጎዳና ላይ የብስክሌት ውድድሮች በማርች ወር በሚካሄደው የሚላን–ሳን ሬሞ ውድድር ተጀምረው፣ በኦክቶበር ወር የቅጠሎች መርገፊያ ውድድር የሚል ቅጽል ስም በተሰጠው በጂሮ ዲ ሎምባርዲያ ይጠናቀቁ ነበር። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት የብርድና የጭጋግ ወራት ናቸው። ብዙዎቹ አማተሮች በዚህ ጊዜ ብስክሌታቸውን ሰቅለው ወደ መደበኛ ሥራቸው ይመለሱ ነበር።

በካቫና ዘንድ ግን የብርዱ ወራት የመሠረት መጣያ ጊዜ ነበሩ። በዘመኑ ልማድ ብስክሌተኛው በብርዱ ወቅት ቀላል ማርሽ ተጠቅሞ ፔዳሉን በፍጥነትና በእኩል ምት ማሽከርከርን ይለማመዳል፤ ሰውነቱን ሳያደክም ረጅም ርቀት ይጓዛል፤ ጸደይ ሲቃረብ ደግሞ ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ ይጨምራል። ካቫና በዚህ ላይ ጥብቅ የኑሮ ሥርዓትን አከሉበት። ወጣቶቹ በጊዜ እንዲተኙ፣ ማልደው እንዲነሱ፣ አመጋገባቸውንም እንዲቆጣጠሩ ያዝዙ ነበር። ኮፒ ይህንን ሥርዓት እስከ ሙያ ዘመኑ መጨረሻ ይዞት ዘልቋል። ከዚሁ የልምምድ ቤት የወጡት እንደ አንድሬያ ካሬያና ኤቶሬ ሚላኖ ያሉ ብስክሌተኞችም በኋላ በቢያንኪ ቡድን ታማኝ ረዳቶቹ ሆነዋል።

ኮፒ በ1939 ከታወቁ ተወዳዳሪዎች ጋር ተሰልፎ ያሳየው ብቃት የሌኛኖ ቡድን ኃላፊ የነበሩትን ኤቤራርዶ ፓቬሲን ትኩረት ሳበ። በ1940 የጣሊያን ዙር ውድድር ላይ የተሰለፈውም የቡድኑ መሪ የነበረውን ጂኖ ባርታሊን እንዲረዳ ነበር። ይሁንና ባርታሊ በውድድሩ መጀመሪያ ላይ ከውሻ ጋር ተጋጭቶ በመውደቁ ጉዳት ሲደርስበት፣ ረዳቱ መሪ ሆነ። ኮፒ በ20 ዓመቱ የጣሊያንን ዙር በማሸነፍ በዕድሜ ትንሹ ባለድል ለመሆን በቃ። ውድድሩ ጁን 9 ቀን 1940 ሲጠናቀቅ፣ ጣሊያን በማግስቱ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገባች።

ጦርነትና ምርኮ

ጦርነቱ የኮፒን ምርጥ የወጣትነት ዓመታት ወሰደ። በ1942 አጋማሽ በልምምድ ላይ ወድቆ አንገቱ ሥር ያለው አጥንት ተሰብሮ ነበር። ከዚህ ጉዳት ካገገመ በኋላ ሌሎች የውድድር ዘመናቸውን በጨረሱበት ወቅት፣ ኖቬምበር 7 ቀን 1942 በሚላን ከተማ በሚገኘው የቪጎሬሊ መም በአንድ ሰዓት ውስጥ 45.798 ኪሎ ሜትር በመጋለብ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ከተማዋ በዚያ ወቅት በአውሮፕላን ትደበደብ ነበር። ክብረ ወሰኑ ፈረንሳዊው ሞሪስ አርሻምቦ በ1937 ካስመዘገበው በ31 ሜትር ብቻ የሚበልጥ ቢሆንም፣ ሌላው ፈረንሳዊ ዣክ አንክቲል በ1956 እስኪያሻሽለው ድረስ ለ14 ዓመታት ሳይደፈር ቆይቷል።

በቀጣዩ ዓመት ኮፒ በእግረኛ ወታደርነት ወደ ሰሜን አፍሪካ ተላከ። በኤፕሪል ወር 1943 በቱኒዚያ በእንግሊዝ ጦር ተማርኮ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በምርኮኝነት አሳለፈ። በ1945 ወደ ደቡብ ጣሊያን ከተመለሰ በኋላ ነጻነቱን አግኝቶ፣ ጦርነት ባፈራረሳቸው መንገዶች ወደ ሰሜን ወደ ቤተሰቡ ተጓዘ። በዚያው ዓመት ከብሩና ቻምፖሊኒ ጋር ትዳር መሠረተ።

የዝግጅት ፍሬ

ብዙዎች የኮፒ የስፖርት ሕይወት በጦርነቱ ተበላሽቷል ብለው ቢገምቱም፣ እርሱ ግን የ1945ን መጨረሻና የ1946ን መጀመሪያ በከፍተኛ ዝግጅት አሳለፈ። ውጤቱም ማርች 19 ቀን 1946 በሚላን–ሳን ሬሞ ውድድር ታየ። ከ290 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመው በዚህ ውድድር ገና ከጅምሩ ከተለዩት ጥቂት ተወዳዳሪዎች ጋር ሆኖ፣ የቱርኪኖን ዳገት ሲወጣ ሁሉንም ጥሎ ብቻውን ቀጠለ። ሁለተኛ የወጣው ፈረንሳዊው ሉሲየን ቴሴር ወደ መጨረሻው መስመር የደረሰው ከ14 ደቂቃ በኋላ ነበር። የጸደዩ የመጀመሪያ ታላቅ ውድድር በዚህ ዓይነት መጠናቀቁ በብርዱ ወራት የተሠራውን ሥራ በግልጽ ያሳየ ነበር።

ከዚያ በኋላ የተመዘገቡት ድሎች ዝርዝር ረጅም ነው። የጣሊያንን ዙር በ1940፣ በ1947፣ በ1949፣ በ1952 እና በ1953 በጠቅላላው አምስት ጊዜ አሸንፏል። የፈረንሳይን ዙር በ1949 እና በ1952 በበላይነት ያጠናቀቀ ሲሆን፣ ሁለቱን ውድድሮች በአንድ ዓመት ያሸነፈ የመጀመሪያው ብስክሌተኛ ነው። የዓመቱ ማጠቃለያ የሆነውን ጂሮ ዲ ሎምባርዲያን አምስት ጊዜ፣ የዓመቱ መክፈቻ የሆነውን ሚላን–ሳን ሬሞን ሦስት ጊዜ ድል አድርጓል። በ1950 የፓሪስ–ሩቤ ውድድርን ያሸነፈ ሲሆን፣ በ1953 በስዊዘርላንድ ሉጋኖ የዓለም የጎዳና ሻምፒዮን ሆኗል። በ1949 የጣሊያን ዙር ከኩኔዮ እስከ ፒኔሮሎ በአልፕስ ተራሮች ላይ 192 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻውን በመጋለብ ያስመዘገበው ድልም እስካሁን በምሳሌነት ይነሳል።

ይሁንና ሕይወቱ ከመከራ የራቀ አልነበረም። በ1950 በጣሊያን ዙር ላይ ወድቆ የዳሌ አጥንቱ ተሰበረ። ጁን 29 ቀን 1951 ደግሞ እንደ እርሱ ብስክሌተኛ የነበረው ታናሽ ወንድሙ ሴርሴ በፒየሞንቴ ዙር ውድድር ላይ በደረሰበት የመውደቅ አደጋ ሕይወቱ አለፈ። ኮፒ ከጥቂት ቀናት በኋላ በፈረንሳይ ዙር ላይ ቢሰለፍም ሐዘኑ ጉልበቱን ነጥቆት በአንድ ቀን ውስጥ ከግማሽ ሰዓት በላይ ተቀደመ። በቀጣዩ ዓመት ተመልሶ ያንኑ ውድድር ከ28 ደቂቃ በላይ በሆነ ልዩነት ማሸነፉ የጽናቱ ምስክር ነው።

የኮፒ ስም ከነቀፌታም አላመለጠም። ባለትዳር ከነበረችው ከጁሊያ ኦኪኒ ጋር የመሠረተው ግንኙነት በጊዜው የጣሊያን ሕግ ወንጀል በመሆኑ በ1955 ሁለቱም በፍርድ ቤት ተፈርዶባቸዋል። በዘመኑ ያልተከለከሉ አነቃቂ መድኃኒቶችን ይወስድ እንደነበረም ራሱ በይፋ አምኗል።

የመጨረሻው የዕረፍት ወቅት

በ1950ዎቹ መጨረሻ የኮፒ ጉልበት እየቀነሰ ቢሄድም ከውድድር አልወጣም። በ1956 በጂሮ ዲ ሎምባርዲያ በጥቂት ልዩነት በፈረንሳዊው አንድሬ ዳሪጋድ ተቀድሞ ሁለተኛ ወጣ። ለ1960 የውድድር ዘመን ደግሞ ለዓመታት ተቀናቃኙ የነበረው ባርታሊ በሚመራው የሳን ፔሌግሪኖ ቡድን ውስጥ ለመሰለፍ ተስማምቶ ነበር። የሁለቱ ስም ጣሊያናውያንን ለሁለት ከፍሎ ያከራክር ስለነበር፣ አብረው ለመሥራት መስማማታቸው በደጋፊዎቻቸው ዘንድ ትልቅ ዜና ነበር።

ከዚያ በፊት ግን በዲሴምበር ወር 1959 ኮፒ፣ አንክቲልና ራፋኤል ጀሚኒያኒን ጨምሮ ከሌሎች ታዋቂ ብስክሌተኞች ጋር ዛሬ ቡርኪና ፋሶ ወደምትባለው ወደ ኦት ቮልታ ተጓዘ። የጉዞው ዓላማ በኡዋጋዱጉ የሚዘጋጅ የትርዒት ውድድር ላይ መሳተፍና አደን ማድረግ ነበር። ኮፒና ጀሚኒያኒ በአንድ ክፍል አብረው ያደሩ ሲሆን፣ ሁለቱም በትንኝ ተነድፈው የወባ ተሕዋስያን ወደ ደማቸው ገባ።

የወባ በሽታ ምልክት የሚታየው ትንኟ ከነደፈች ከሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ በመሆኑ፣ ሁለቱም ትኩሳት የጀመራቸው ወደየአገራቸው ከተመለሱ በኋላ ነው። ጀሚኒያኒ በፈረንሳይ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ሲገባ የደም ናሙናው በፓስተር ኢንስቲትዩት ተመርምሮ አደገኛው የወባ ዓይነት መሆኑ ተረጋገጠ። ወዲያውኑ ኩዊኒን ተሰጥቶት ዳነ። በ99 ዓመቱ ያረፈውም በ2024 ነበር።

በጣሊያን የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በተካሄደ ሰፊ ዘመቻ ወባ ከአገሪቱ እየጠፋ በመሄዱ፣ በበረዶ ወራት ትኩሳት ይዞ የመጣን በሽተኛ ያዩት ሐኪሞች ሕመሙን ከሳንባ ጋር የተያያዘ አድርገው ወሰዱት። ከፈረንሳይ የጀሚኒያኒ ቤተሰቦች በሽታው ወባ መሆኑን ቢያሳውቁም ማስጠንቀቂያው ተቀባይነት አላገኘም። ኮፒ ወደ ቶርቶና ሆስፒታል ተወስዶ ጃንዋሪ 2 ቀን 1960 ማለዳ ሕይወቱ አለፈ። በመንደሩ በተፈጸመው ቀብሩ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተገኝቷል። በ2002 ተመርዞ ሞቷል የሚል ወሬ ተነሥቶ በዐቃቤ ሕግ ምርመራ ቢከፈትም፣ ለወሬው ማስረጃ ባለመገኘቱ ጉዳዩ ተዘግቷል።

መታሰቢያው

ኮፒ ካረፈ በኋላ ስሙ በተለያዩ መንገዶች ሲታወስ ቆይቷል። ከ1965 ጀምሮ በየዓመቱ በጣሊያን ዙር ውስጥ ከሁሉም ከፍ ያለው ተራራ የኮፒ ጫፍ ተብሎ ይሰየማል። የትውልድ መንደሩም የተወለደበትን 100ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ በ2019 ካስቴላኒያ ኮፒ ተብላለች። ፋውስቶና ሴርሴም በዚያው ጎን ለጎን አርፈዋል።

የሉካንዳው ተላላኪ ከአማተርነት ተነሥቶ እስከ ዓለም ሻምፒዮንነት የደረሰው ተመልካች በሌለበት የብርድ ወቅት በትዕግሥት በመሥራቱ ነው። በሌላ በኩል፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል አድረው በአንድ በሽታ ተይዘው አንዱ ሲድን ሌላው የሞተው፣ በአንደኛው ቦታ ደም ስለተመረመረ፣ በሌላው ደግሞ በጊዜ የደረሰ መረጃ ሰሚ ስላጣ ነበር። ለዓመታት በጥንቃቄ የተገነባ ነገር በቀላል ምርመራ ሊታወቅ በሚችል ጉዳይ ሊጠፋ እንደሚችል የኮፒ አሟሟት ያስተምራል።