ጆን ዴቨንፖርት ሲድሊ

ጆን ዴቨንፖርት ሲድሊ (እ.ኤ.አ. ኦገስት 5 ቀን 1866 ማንችስተር – ኖቬምበር 3 ቀን 1953 ጀርዚ ደሴት) እንግሊዛዊ የመኪናና የአውሮፕላን ሞተር አምራች ነበር። በኢትዮጵያ ታሪክ ስሙ የሚነሣው በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ አጼ ምኒልክ የመጣችው መኪና «ሲድሊ» ትባል ስለነበር ነው። የመኪናዋን ሞተር የሠራው ግን የሲድሊ ፋብሪካ አይደለም። በዚያን ጊዜ ሲድሊ የራሱ ፋብሪካ አልነበረውም።

ወጣትነቱ

ሥራ የጀመረው ካልሲና የውስጥ ልብስ በሚነግደው አባቱ ዘንድ ሲሆን ማታ ማታ ይማር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1892 በሀምበር ብስክሌት ኩባንያ በንድፍ ሠራተኛነት ተቀጠረ። ከዚያም በጎማ ሥራ ተሰማራ።

ስሙና ሞተሩ

እ.ኤ.አ. በ1902 በስሙ የመኪና ኩባንያ አቋቋመ። የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች የፈረንሳዩን ፔዦ ንድፍ የተከተሉ ነበሩ። ቀጥሎ መኪናዎቹን የሠራለት በክሬይፎርድ ከተማ የነበረው የቪከርስ ፋብሪካ ነው። ቪከርስ በይበልጥ የሚታወቀው በጦር መሣሪያ ሲሆን የማክሲም መትረየስም የእርሱ ምርት ነበር።

የቪከርስ ንብረት ከሆኑት ኩባንያዎች አንዱ ዎልስሌ ነው። ዎልስሌ መነሻው የበግ ጠጉር መሸለቻ ማሽን ነበር። ሥራ አስኪያጁ ኸርበርት ኦስቲን የተጋደመ ሲሊንደር ያለው ሞተር እንዲቀጥል ሲፈልግ፣ ገዢው ግን ሲድሊ ወደሚሸጠው ቀጥ ብሎ የቆመ ሞተር አዘነበለ። እ.ኤ.አ. በ1905 ዎልስሌ የሲድሊን ንግድ ገዛ፤ ኦስቲን ለቆ በስሙ የሚታወቀውን ኩባንያ መሠረተ፤ ሲድሊም በቦታው ተተካ። ከዚያ ወዲህ የዎልስሌ ፋብሪካ መኪናዎች «ዎልስሌ ሲድሊ»፣ አንዳንዴም በአጭሩ «ሲድሊ» ተባሉ።

የምኒልክ መኪና

መኪናዋን በጅቡቲ በኩል ወደ አዲስ አበባ ያመጣት ቢድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ነበር። 18 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ «ናከ» የተባለች የአገሩን መኪና ይዞ መጣ።

እዚህ ላይ ሦስት ስሞች ይምታታሉ። ቤንትሌይ የአምጪው ስም እንጂ የመኪናዋ አይደለም፤ ቤንትሌይ የተባለው የመኪና ኩባንያ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1919 ነው። ስለዚህ የምኒልክ የመጀመሪያ መኪና ቤንትሌይ ነበረች ማለት ስሕተት ነው። ሲድሊ የመኪናዋ መጠሪያ ነው። ሞተሩ ደግሞ የዎልስሌ ሥራ ነው። በራዲያተር ላይ የተለጠፈ ስም ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ሻጩ ነው፤ አምራቹን ለማወቅ በሞተሩ አካል ላይ የተመታውን ቁጥርና ምልክት ማየት ያስፈልጋል። ዛሬም በኢትዮጵያ የመኪና ሊብሬ ላይ የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር ለየብቻ ይጻፋሉ።

በኮቨንትሪ

ሲድሊ እ.ኤ.አ. በ1909 ዎልስሌን ትቶ ኮቨንትሪ ወደሚገኘው የዲዚ መኪና ኩባንያ ገባ። የኩባንያው መሥራች ካፒቴን ዲዚ በቲቤት ጉዞው የታወቀ የጦር መኮንን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 ኩባንያው «ሲድሊ ዲዚ» ተባለ። አሁንም ግን የትልልቆቹ መኪናዎች ሞተር ከሌላ ቤት፣ ከዳይምለር፣ የሚገዛ ነበር። ይህ አሜሪካዊው ቻርልስ ናይት የፈለሰፈው ዓይነት ሲሆን በተለመደው ቫልቭ ፋንታ በፒስተኑ ዙሪያ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱ እጅጌ መሰል ቱቦዎች አሉት። ድምፁ እጅግ ዝቅተኛ ነበር፤ ዘይት ግን ይበላል፣ ያጨሳልም። ኩባንያው ዝምታውን ለማስታወቅ ስፊንክስን ምልክቱ አደረገ።

ሁኔታውን የለወጠው አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ፋብሪካው «ፑማ» የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በብዛት አመረተ፤ መነሻ ንድፉ ግን ይህም ከውጭ የመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1919 ከአርምስትሮንግ ዊትዎርዝ የመኪና ክፍል ጋር ተዋሕዶ አርምስትሮንግ ሲድሊ ሆነ። ከዚህ በኋላ በሲድሊ ስም የተሠሩ ሞተሮች፣ በተለይ «ጃጓር» የተባለው፣ ሌሎች ኩባንያዎች በሠሯቸው አውሮፕላኖች ላይ ይገጠሙ ጀመር።

የመጨረሻ ዘመኑ

እ.ኤ.አ. በ1932 የሰር ማዕረግ አገኘ። በ1935 ድርጅቱን ለሆከር አውሮፕላን ኩባንያ ሸጠ፤ ሆከር ሲድሊ የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። በ1937 ባሮን ኬኒልዎርዝ ተባለ፤ የኬኒልዎርዝን ጥንታዊ ግንብም ገዝቶ ለመንግሥት ጥበቃ ሰጠ። ያረፈው በጀርዚ ደሴት ሲሆን፣ በስሙ የሚጠሩ መኪናዎች እ.ኤ.አ. እስከ 1960 ድረስ ተመርተዋል።